ቴዎድሮስ የሚል ስም ያለባቸው መጽሐፎች፦ የቱን ልግዛ?

የአንባቢ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን አዘጋጆች። ፒያሳ ነው የምኖረው። ልጄ ቴዎድሮስ ይባላል፣ ስሙን ያወጣለት አባቱ ነው፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ይጨርሳል። ለምረቃው ስልክ ምናምን ከምገዛለት ስሙ ያለባቸውን መጽሐፎች ሰብስቤ አንድ መደርደሪያ ልሰጠው አሰብኩ። ቴዎድሮስ አደባባይ ሴባስቶፖል መድፉ አጠገብ ነው ተጫውቶ ያደገው ግን ስለ አፄ ቴዎድሮስ ትምህርት ቤት ከተማረው ሌላ ምንም አላነበበም። መጽሐፍ ሻጮች ስጠይቅ አንዱ አንዱን ያነሳልኛል ሌላው ሌላውን፣ ሁሉም ዋናው ይሄ ነው ይላሉ። ሁሉንም ለመግዛት አቅሙ የለኝም፣ የቱን ልግዛ? (የቴዲ እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ ሀሳብሽ በጣም ደስ ይላል፣ ልጅሽም ታድሏል። በአማርኛ ይሄን ያህል የተለያየ አይነት መጽሐፍ የተሰበሰበበት ሌላ ስም ማግኘት ከባድ ነው፣ ዜና መዋዕሉ አለ፣ ተውኔቱ አለ፣ ልቦለዱ አለ፣ የታሪክ ጥናቱ አለ፣ ደብዳቤዎቹም አሉ፣ እና ሻጮቹ ዋናው ይሄ ነው ሲሉሽ እያንዳንዳቸው የወደዱትን ነው የሚያነሱልሽ። እኔ ግን የምልሽ አንድ ብቻ አትግዢ፣ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፣ ሁለቱ ደሞ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ይሁኑ። አንዱን ብቻ ያነበበ ልጅ ወይ ጀግናውን ብቻ ወይ ጨካኙን ብቻ ይዞ ነው የሚቀረው፣ ከዛ በኋላ ሰው ሌላ ነገር ሲነግረው ይጣላል እንጂ አይሰማም፣ ይሄን ደሞ ከተማችን ውስጥ በየካፌው በየታክሲው እያየነው ነው።

ለቴዲ መጀመሪያ ልትነግሪው የሚገባ ነገር አለ፣ ሰውየው ራሱ ስሙን ያገኘው ከመጽሐፍ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ካሳ ነው፣ ካሳ ኃይሉ። ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው የግዕዝ መጽሐፍ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሳል፣ በሱ ጊዜ ሰላምና ጥጋብ ይሆናል ይላል፣ ሕዝቡም ይሄን ስም ሲጠብቅ ነው የኖረው፣ ካሳ ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ በ1847 ዓ.ም. የካቲት ላይ ደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ይሄንን ስም ወሰደ። ስለዚህ ስሙ ገና ከመጀመሪያው የሰው ተስፋ የተጫነበት ስም ነው፣ ከዛ በኋላ የመጡት ደራሲዎች በሙሉም የየራሳቸውን ዘመን ተስፋ እየጫኑበት ነው የጻፉት፣ እኔ መደርደሪያውን የምወደውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ግዢው። ልጁ ወጣት ስለሆነ በልቦለድ አስጀምሪው። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» በ1958 ዓ.ም. የወጣ ነው፣ ብርሃኑ የጎንደር ልጅ ነው፣ ጋዜጠኛም ስለነበረ ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ፈጣን ነው፣ ማንበብ ያልለመደ ልጅ እንኳን አይደክመውም። ከሱ ቀጥሎ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» አለ፣ በ1961 ዓ.ም. የታተመ፣ ርዕሱ ላይ ስሙ ባይኖርም ታሪኩ የሱ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን አቤ ሲጽፍ ልቡን ሰጥቶ ስለሆነ ቴዎድሮስን ከልጅነቱ ጀምሮ እንድትወጂው ያደርግሻል። ሁለቱም የወጡበትን ጊዜ አስቢው፣ የኃይለ ሥላሴ መንግሥት የመጨረሻዎቹ አመታት ናቸው፣ ተማሪው መንቀሳቀስ ጀምሯል፣ አቤ ራሱ «አልወለድም» የሚለው መጽሐፉ የታገደበት ሰው ነው፣ በዛ ሰዓት ከንጉሣዊው ቤት ሳይወለድ በክንዱ ስለነገሠ ሰው ልቦለድ መጻፍ ዝም ብሎ ታሪክ ማውራት ብቻ አልነበረም፣ አንባቢውም ይገባው ነበር።

ተውኔቱን በተመለከተ ሁለት «ቴዎድሮስ» አለ፣ እና ሻጩ የትኛውን እንደሚሰጥሽ አረጋግጪ። አንዱ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ነው፣ ያው «አርአያ»ን የጻፈው፣ በንጉሡ ጊዜ ሚኒስትር የነበረ፣ አባቱ ተክለ ሐዋርያት ደሞ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉ ናቸው። ግርማቸው የጻፈው በ1940ዎቹ ነው፣ ከጣልያን ወረራ ብዙም ሳይርቅ፣ እና አገርን አንድ የማድረግ ነገር በጣም ያሳስበው እንደነበር ታይበታለሽ። ሌላው የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድህን ነው፣ ጸጋዬ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው፣ በ1950ዎቹ፣ በአማርኛ መድረክ ላይ የወጣው በደርግ ጊዜ ነው። የጸጋዬን ተውኔት ዝም ብለሽ በዓይን አታንብቢው፣ ጮክ ተብሎ ነው የሚነበበው፣ ቤት ውስጥ ከልጅሽ ጋር ተራ በተራ ብታነቡት ምን ያህል ደስ እንደሚል ታያለሽ። አንዱን ብቻ መግዛት ካለብሽ ለቴዲ የጸጋዬን ግዢለት።

የታሪክ መጽሐፍ ከፈለግሽ የአቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ «አፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» አለ፣ እሳቸው ስለ ዮሐንስም ስለ ምኒልክም በዚሁ አይነት ርዕስ ጽፈዋል፣ ሦስቱን አንድ ላይ መደርደር ይቻላል ግን እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆይልሽ። የጳውሎስ ኞኞ «አጤ ቴዎድሮስ»ም አለ፣ ጳውሎስ እንደሚያወራ ነው የሚጽፈው፣ ልጅ ይወደዋል። እንግሊዝኛ የሚያነብ ከሆነ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1974 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመው ልቦለድ አለ፣ ርዕሱ «ዋርየር ኪንግ» ነው፣ ሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ብሎ በሚያወጣው ተከታታይ ውስጥ ነው የወጣው፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ይሄን ታሪክ ለሌላው የአፍሪካ አንባቢ ሲተርክ ምን ይመርጣል የሚለውን ለማየት በጣም ጥሩ ነው።

ገንዘብሽ ለሦስት ብቻ የሚበቃ ከሆነ፦ የብርሃኑ ልቦለድ፣ የጸጋዬ ተውኔት፣ እና የአቶ ተክለ ጻድቅ። አራተኛውን ደሞ በነጻ ነው የምታገኚው፣ እሱን ከታች ለተማሪው በጻፍኩት መልስ ውስጥ ታገኚዋለሽ፣ ፕሪንት አስደርገሽ ብታስጠርዢው ከሁሉም የሚበልጠው ስጦታ እሱ ነው።

የት ላግኝ ካልሽ፣ አሮጌ መጽሐፍ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢና ለገሃር መንገድ ዳር ከሚሸጡት ጋር ጀምሪ። ፒያሳ የነበሩት ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ቦታ የቀየሩ ስላሉ የምታውቂያቸውን ሻጮች ስልክ ያዢ፣ ፈልግልኝ ብትያቸው ያመጡልሻል። ከመክፈልሽ በፊት ገጹን አገላብጪ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠል የሌለው ብዙ አለ፣ አንዳንዱም ፎቶኮፒ ሆኖ በኦሪጅናል ዋጋ ነው የሚሸጠው። ቴሌግራም ላይ ያለውን ፒዲኤፍ ለስጦታ አልመክርሽም፣ ገጽ ይዘላል፣ ደሞ በገበያ ላይ ያለ መጽሐፍ ሲሆን የደራሲውን ወይም የቤተሰቡን እንጀራ ነው የሚነካው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምማረው፣ ሁለተኛ አመት ነኝ። ስለ አፄ ቴዎድሮስ አሳይመንት ተሰጥቶን ዜና መዋዕሎቹን ተጠቀሙ ተባልን፣ አንዱ ላይ በጣም ደግ ፍርድ አዋቂ ነው፣ ሌላው ላይ አገር ያቃጠለ ሰው ነው። አንዱ ይዋሻል ማለት ነው? የትኛውን ልመን? (ግራ የገባው ተማሪ)

መልስ፦ ወንድሜ ጥያቄህ አሪፍ ነው፣ ጊዜ ወስደህ ስማኝ ምክንያቱም ይሄ ከሁሉም የምወደው ክፍል ነው።

መጀመሪያ ሦስት ናቸው። የአለቃ ዘነብ፣ ሰዉ ደብተራ ዘነብም ይለዋል፣ ኤኖ ሊትማን የሚባል ጀርመናዊ ምሁር በ1902 እ.ኤ.አ. ፕሪንስተን ያሳተመው። የአለቃ ወልደ ማርያም፣ ሞንዶን ቪዳዬ የሚባል ፈረንሳዊ ፓሪስ ላይ ያሳተመው። ሦስተኛው ጸሐፊው ያልታወቀ ነው፣ ሉዊጂ ፉሴላ የሚባል ጣልያናዊ ነው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው። ሦስቱም የተጻፉት በአማርኛ ነው፣ እና ይሄ ትልቅ ነገር መሆኑን እወቅ፣ ከዛ በፊት የነገሥታት ዜና መዋዕል በግዕዝ ነበር የሚጻፈው፣ በአማርኛ መጻፍ የተጀመረው በዚህ ንጉሥ ነው። ስለዚህ አንተ ያለ መምህር፣ ያለ ትርጉም፣ የዛን ጊዜ ሰው እንዳወራው ቁጭ ብለህ ልታነበው ትችላለህ፣ የዘነብን አማርኛ ስታየው ምን ያህል ቀላልና ለጆሮ ቅርብ እንደሆነ ትገረማለህ። ያው «መጽሐፈ ጨዋታ»ን የጻፈውም እሱ ነው።

አሁን ለምን ተጋጩ ላልከው። የዘነብ ታሪክ የት ላይ እንደሚያቆም እይ። ከመቅደላ አመታት በፊት ነው የሚያቆመው። የሱ ቴዎድሮስ ገና እያሸነፈ ያለ፣ ሽፍታውን አደብ ያስገዛ፣ ድሃ ያቀረበ፣ ባለቤቱ ተዋበች በሕይወት የነበረችበት ወይ ገና የሞተችበት ዘመን ሰው ነው። ጎንደርን ማቃጠሉ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ መዘረፍ፣ የታሰሩት አውሮፓውያን ጉዳይ፣ ይሄ ሁሉ የሚመጣው ዘነብ ብዕሩን ካስቀመጠ በኋላ ነው። ወልደ ማርያም ግን እስከ መጨረሻው ሄዷል፣ የኋለኛውን ዘመን ጭካኔም አልሸፈነም። ስለዚህ አንዱ ዋሸ ከማለትህ በፊት አመቶቹን ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፍ፣ የምታየው ነገር ሁለቱ የሚያወሩት ስለተለያየ ዘመን መሆኑን ነው። ለአሳይመንትህ ይሄ ብቻውን ጥሩ ነጥብ ይሆናል።

ከዛ ቀጥሎ ጸሐፊዎቹ ከማን ጋር እንደሚውሉ ጠይቅ። ዘነብ ከፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያኑ ጋር ቅርበት የነበረው ሰው ነው፣ እነዚያ ናቸው በኋላ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያቀለጡት ባለሙያዎች ወገን፣ ንጉሡ ደሞ ለነሱ ጥሩ ነበር። ቤተ ክህነቱ ግን በመሬቱና በካህናቱ ብዛት የተነሳ ከንጉሡ ጋር ተጣልቷል። ጸሐፊ የሚኖርበትን ቤት በር ከፍቶ ነው የሚያየው፣ ይሄ ያለ ነገር ነው፣ አንተም ስታነብ በየትኛው በር እያየህ እንደሆነ እወቅ።

እና ሦስተኛ ምስክር ጨምር፣ ሰውየውን ራሱን። ደብዳቤዎቹ ታትመዋል። ግርማ ሥላሴ አስፋውና ዴቪድ አፕልያርድ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለመልእክተኛዋ የተላኩትን የአማርኛ ደብዳቤዎች በ1979 እ.ኤ.አ. አውጥተዋቸዋል፣ ስቬን ሩበንሰን ደሞ የዘመኑን ደብዳቤዎች ሰብስቦ በ1994 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፣ ይሄኛውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስም ስላለበት ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ላይብረሪ ጠይቅ። ሩበንሰን ከዛ በፊት በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ቴዎድሮስ አጠር ያለ የታሪክ መጽሐፍ ጽፏል፣ እሱንም አብረህ ውሰድ፣ አሁንም ድረስ ጥሩ መነሻ ነው። ደብዳቤዎቹን ስታነብ በ1862 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በኩል የላከው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ ምን እንዳመጣ በራሱ ቃል ትከተለዋለህ፣ ያ ነው በኋላ ካሜሮንን እስር ቤት የከተተው፣ በናፒየር የተመራውንም የእንግሊዝ ጦር ያመጣው።

የአንድ መጽሐፍ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ደሞ ሄንሪ ስተርን የሚባለውን ሚሲዮናዊ እይ። በ1862 እ.ኤ.አ. ለንደን ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ የንጉሡ እናት ጎንደር ላይ ኮሶ ትሸጥ ነበር ብሎ ጻፈ፣ ወሬው ቴዎድሮስ ዘንድ ደረሰ፣ ስተርን ተገረፈ፣ ታሰረ፣ አብረውት የነበሩ ሁለት አገልጋዮች በግርፋቱ ሞቱ። በጣም የሚያሳዝን ነገር ነው፣ ጀግና ነው ብለን የምንወደውም ሰዎች ይሄን ማለፍ የለብንም፣ እናቱ በንቀት ስትነሳ የሚሰማውን ደሞ የማይረዳ ኢትዮጵያዊ የለም፣ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው ከባዱ።

የዘነብና የወልደ ማርያም ህትመቶች ከመቶ አመት በላይ ስለሆናቸው ስካናቸው ኦንላይን አለ፣ በነጻ ነው። ወመዘክርም (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ሄደህ ካታሎጉን ጠይቅ። (የቴዲ እናት፣ ከላይ በነጻ ያልኩሽ ይሄ የዘነብ ነው፣ ሊትማን በእንግሊዝኛ የጻፈው ርዕስ አያስደንግጥሽ፣ ውስጡ አማርኛ ነው።)

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። ጡረተኛ ነኝ፣ ካዛንቺስ ነበር የምኖረው። ሁልጊዜ እናንተ ስለ ቴዎድሮስ የተጻፈውን ትጽፋላችሁ፣ እሱ ራሱ የሰበሰባቸው መጻሕፍት የት ደረሱ? ይሄንን ማን ይጠይቃል?

መልስ፦ አባባ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄንን ስለጠየቁ።

ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ትልቅ የመጻሕፍት ስብስብ እያዘጋጀ ነበር፣ ብዙዎቹ የብራና መጻሕፍት ከጎንደር አድባራት የመጡ ናቸው። ይሄ ራሱ ሁለት ፊት አለው፣ ለጎንደር አድባራት መወሰድ ነው፣ በንጉሡ ዓይን ደሞ የአገር መጻሕፍት አንድ ቦታ መሰብሰብ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅና ንጉሡ ራሱን ሲሰዋ የእንግሊዝ ጦር ያገኘውን ዘረፈ፣ ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል አብሮ ሄዶ ነበር፣ ዘረፋው ደላንታ ላይ ጨረታ ወጣ፣ ሆልምስም ለሙዚየሙ ገዛ። 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት ሙዚየሙ ገቡ፣ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። የቀሩት የተወሰኑት በግለሰብ እጅና በሌሎች ቤተ መጻሕፍት ተበታተኑ።

የተመለሰም አለ። አፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥት ይመለስልን ብለው ጽፈው በ1872 እ.ኤ.አ. ተመልሷል። ያ ማለት እንግሊዞች ገና ያኔ ሲጠየቁ መመለስ እንደሚቻል በተግባር አሳይተዋል፣ አንዱ ከተመለሰ የቀረው የማይመለስበት ምክንያት ለኔ አይታየኝም። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ለዚህ ጉዳይ ብዙ ዘመናቸውን ሰጥተው ደክመዋል፣ የእሳቸውን ጽሑፎች የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ላይብረሪ ያገኛሉ። ከመጻሕፍቱ የተወሰኑት በዲጂታል ተነስተው ኦንላይን ወጥተዋል፣ የልጅ ልጅ ካለዎት ስልኩ ላይ እንዲያሳይዎት ያድርጉ፣ ስዕላቸውን ያዩታል። ግን ስልክ ላይ ማየትና የአገር ልጅ እጁን ታጥቦ የሚገልጠው ብራና አንድ አይደለም፣ ቦታቸው እዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እኔስ ስሜ ሐዲስ ነው፣ ለኔ ስም መደርደሪያ የለም? (ሐዲስ፣ ከለገሃር)

መልስ፦ አለ እንጂ ሐዲስ፣ ትንሽ ነው ግን ምርጥ ነው። የበዓሉ ግርማ «ሐዲስ» የሚል ልቦለድ አለ፣ ቀደም ብሎ ያሳተመውን «የሕሊና ደወል» እንደገና ጽፎ ነው በዚህ ስም ያወጣው፣ ስለዚህ ሁለቱን አብረህ ግዛ፣ አንድ ደራሲ የራሱን መጽሐፍ እንዴት እንደሚያርም ትማርበታለህ። ከጎናቸው የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አድርግ፣ እሱም እንደ «የቴዎድሮስ እንባ» በ1958 ዓ.ም. ነው የወጣው፣ ካነበብከው ደሞ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን እና «የልምዣት»ን ቀጥል። ገንዘብ ካጠረህ በበዓሉ «ሐዲስ» ጀምር፣ ከሌሎቹ ይልቅ እሱን አሮጌ ሻጮች ዘንድ ሲገኝ ቶሎ ነው የሚያልቀው።